በቆላ አገር ጠጅን ሳይበላሽ ስለ መጣል

እንግዳን አክብሮ ማስተናገድ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው፤ በዚህም ልማድ ውስጥ ጠጅ የከበረ ስፍራ አለው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አገራችን በጻፈው መጽሐፍ፥ ከማር የሚሠራውን ይህን መጠጥ ሳያነሣ አላለፈም። በየግዛቱም የማር ግብር በጉንዶ እየሆነ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ መኳንንቱ ቤት ይገባ የነበረው፥ ይልቁንም ለጠጅ ነበር። በዚያን ጊዜ ጠጅ መጣል ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ባለሙያዎች ተግባር ነበር። ዛሬ ግን የሹሙም የነጋዴውም የገበሬውም ባለቤት በገዛ እጅዋ ትጥላለችና፥ ሙያው የእያንዳንዱ ቤት ሆኗል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ሙያ በብዛት የተለመደውና ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በደጋና በወይና ደጋ አገር ነው። ጌሾው የሚበቅለው እዚያ ነው፤ ዕቃው የሚታጠንበት ወይራም የሚገኘው እዚያ ነው፤ የቀኑም ቍጥር የወጣው በዚያ አየር ነው። እንግዲህ ይኸው ሙያ ወደ ቆላ ሲወርድ ምን መለወጥ እንዳለበት የሚያስረዳ ሰው ባለመገኘቱ፥ በየዓመቱ ብዙ ማር በከንቱ ሲጠፋ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ነገር የቤት እመቤቶችን ለመርዳት የታሰበ ነው።

የአብርሃ ጅራ አየር

አብርሃ ጅራ በምዕራብ ጎንደር፥ ከሱዳን ወሰን አጠገብ የምትገኝ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። ከእርስዋ ጀምሮ እስከ መተማ የተዘረጋው ቆላ፥ ብዙው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በታች ነው። ምድሩ ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ ያበቅላል፤ በዱሩም የዕጣን ዛፍ አለ፤ ማርም አይታጣም። ጎንደር ከተማ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች የዓመቱ አማካይ ሙቀትዋ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። በቆላው ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ወደዚህም አገር በሹመት፥ በንግድና በእርሻ ምክንያት ከደጋ የሚወርደው ቤተ ሰብ ብዙ ነው። እመቤቲቱም ከእናትዋ የተማረችውን ሙያ ይዛ ትወርዳለች። የሚያስቸግረውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ፥ አንዲት ወይዘሮ ባልዋ ከጎንደር ወደ አብርሃ ጅራ ተሹሞ ሲወርድ አብራው ወረደች እንበል። የመጀመሪያው ፋሲካ ሲደርስ የባልዋን ባልንጀሮችና የአገሩን ሽማግሌዎች ለመጋበዝ አስባ፥ በዓሉ ሃያ ቀን ሲቀረው ከቤት ያለውን ማር ሁሉ በረዘች። እናትዋ እንዳደረገችው ጌሾውን ጨመረች፤ በየማለዳው እየከፈተች አማሰለች። በስምንተኛው ቀን መፍላቱ ጸጥ አለ፤ እርስዋ ግን ቀኑ ገና ነው ብላ መክፈትዋንና ማማሰልዋን አልተወችም። የፋሲካ ዕለት ጠጁ በብርሌ ተቀድቶ በእንግዶች ፊት ሲቀርብ ሆምጣጤ ሆኖ ተገኘ። ባልየው አፈረ፤ እንግዶቹም ስለ ጨዋነታቸው ከንፈራቸውን ብቻ አስነክተው ብርሌውን አስቀመጡ።

በማግሥቱ ጎረቤትዋ የሆኑ፥ በቆላው ተወልደው ያረጁ አንዲት እናት መጥተው፦

«ልጄ፥ በስንተኛው ቀን አጠለልሽው?» ብለው ጠየቁዋት።

«እማማ፥ እናቴ እንዳስተማረችኝ ሃያ ቀን ሙሉ ጠብቄ ነው። ምን አጠፋሁ ይላሉ?» አለቻቸው።

«የእናትሽ ሃያ ቀን የደጋ ሃያ ቀን ነው። የቆላ ጠጅ ቀን አይቈጠርለትም፤ ይደመጣል እንጂ» ብለው መለሱላት።

የእኒህ እናት ቃል የጽሑፋችን ሁሉ መሠረት ነው። ምክንያቱን ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ጠጅ በምን ኃይል እንደሚፈላ

እያንዳንዱ አገር መጠጡን የሚሠራው ምድሩ ከሰጠው ጣፋጭ ነገር ነው። በሰሜን ፈረንሳይ በኖርማንዲ፥ እንደዚሁም በምዕራብ እንግሊዝ ያለው ገበሬ ፖም የሚባለውን ፍሬ ፈጭቶና ጨምቆ፥ ጭማቂውን በበርሜል አፍልቶ ሲደር የተባለውን መጠጥ በቤቱ ያዘጋጃል። ፖም ግን በዓመቱ ውስጥ የብርድ ወራት ካላገኘ በደንብ አያፈራም። ስለዚህ በአገራችን እንደ ጋሞ ደጋ እንደ ጨንቻ ባለው ስፍራ ሲለማ፥ ለአብርሃ ጅራ ምድር የሚስማማ አይደለም። የቆላው ጣፋጭ ማር ነው። ይሁን እንጂ የፖሙ ጭማቂና የማሩ ብርዝ የሚፈሉበት ሕግ አንድ ነው።

ይህንንም ሕግ ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1850ዎቹ ዓ.ም. መርምሮ ገልጦታል። መፍላት ማለት በዓይን የማይታይ ሕይወት ያለው ነገር፥ ይኸውም እርሾ፥ ጣፋጩን እየበላ ወደ አልኮልና ወደ አየር የሚለውጥበት ሥራ ነው። በጋኑ ውስጥ የሚሰማው የአረፋ ድምፅ ይኸው አየር ሲወጣ ነው። እርሾው በማሩ፥ በሰፈፉና በጌሾው ላይ ስለሚገኝ ከውጭ ባይጨመርም ሥራውን ይጀምራል። ከዚህም ሌላ አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጥ ረቂቅ ተሕዋስ አለ፤ ይህ ግን ያለ ነፋስ ሊሠራ አይችልም።

እንግዲህ ሁለት ነገር ሊታወቅ ይገባል። አንደኛ፥ እርሾ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደኅና አድርጎ ይሠራል፤ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፥ የጠጁም ጣዕም ይሻክራል። ሁለተኛ፥ እርሾው በመጀመሪያ ለመብዛት ነፋስ ይወዳል፤ መፍላቱ ካለቀ በኋላ ግን ነፋስ የሚጠቅመው ሆምጣጤ የሚያደርገውን ብቻ ነው። ወይዘሮይቱ ከስምንተኛው ቀን በኋላ በየማለዳው መክፈትዋና ማማሰልዋ፥ ጠጁን በገዛ እጅዋ ለሆምጣጤ አሳልፋ መስጠትዋ ነበር።

ስለ ማሩ

ለጠጅ የሚሻለው ሰፈፉ ያልወጣለት ድፍን ማር ነው። ከሰፈፉና ከአበባው ዱቄት ጋር ያለው ማር ለእርሾው ምግብ የሚሆን ነገር ስላለው ፈጥኖ ይነሣል፤ በጣም የተጣራው ማር ግን ሲፈላ ይዘገያል። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር ለመለየት አንዳንዶች በክብሪት እየለኰሱ ወይም በውኃ ውስጥ እያንጠባጠቡ ይፈትናሉ፤ ይህ ፈተና የሚያስተማምን አይደለም። የሚሻለው ቀፎውን ከሚያውቁት ንብ አርቢ መግዛት ነው። በማር ፋንታ ስኳር አሟሙቶ ቀለም በመጨመር የሚሠራውን መጠጥ ጠጅ ብሎ ማቅረብ ግን እንግዳን ማታለል ነው።

የእርሻ ባለቤቶችም ቢያስቡበት የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ሰሊጥ በሚያብብበት ጊዜ የተባይ መድኃኒት በቀን ቢረጭ አበባውን ሊቀስሙ የመጡትን ንቦች ይገድላል። መርጨት ግድ ቢሆን ንቡ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ ወደ ማታ ማድረግ ይሻላል።

ስለ ዕቃው

ጋኑ ወይም እንስራው በግራዋ ቅጠል ደኅና ሆኖ ታጥቦ፥ ደርቆ፥ በወይራ መታጠን አለበት። ወይራ በቆላው ስለማይበቅል ጌሾው ከደጋ ሲመጣ አብሮ ማስመጣት ነው። መታጠኑ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ በሸክላው ቀዳዳ ተሸሽጎ የቆየውን የድሮ ሆምጣጤ ተሕዋስ ለመቀነስም ይረዳል። አንድ ጊዜ ጠጅ የሖመጠጠበትን ጋን ለሌላ ጠጅ ከማዋል ለሌላ ሥራ መለወጥ ይሻላል።

በእርሻ አገር ይልቁንም የሚያስፈራው ጀሪካን ነው። የፀረ አረም ወይም የተባይ መድኃኒት፥ ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም መርዙ ስለማይለቅ ለጠጅም ለውኃም ፈጽሞ መሆን የለበትም። ጠጅ ኮምጣጣነት ስላለው የመዳብና የዚንክ ዕቃንም ይበላል፤ ብረቱም ወደ መጠጡ ይገባል። ሸክላ፥ ብርጭቆ፥ ወይም ለምግብ ተብሎ የተሠራ ንጹሕ ዕቃ ግን ይስማማል።

ስለ አጣጣሉ

መጀመሪያ ውኃው ፈልቶ ይቀዝቅዝ፤ የቆላ ውኃ ሳይፈላ መጠጣት ለበሽታ ያጋልጣልና። በደጋ ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውኃ መጨመር የተለመደ ነው። በቆላ ግን ለአንድ እጅ ማር አራት እጅ ውኃ ቢሆን ይሻላል፤ ለምሳሌ ለ4 ሊትር ማር 16 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ብርዙ በጣም ከወፈረ በሙቀት የተጨነቀው እርሾ ጣፋጩን ሳይጨርስ ይደክማልና።

መበረዙ በማታ ይሁን፤ ውኃውም አየሩም በረድ ያለበት ጊዜ ነውና። ብርዙ በንጹሕ ሻሽ ተሸፍኖ በደጋ ሦስት ቀን ያህል ሲቈይ፥ በቆላ አንድ ቀን ተኩል ወይም ሁለት ቀን ይበቃዋል። በዚያን ጊዜ የተንሳፈፈው ሰፈፍ በጥንቃቄ ይገፈፋል።

ከዚህ በኋላ ተከትፎ የደረቀው የጌሾ እንጨት ይጨመራል። ለ20 ሊትር ብርዝ ግማሽ ኪሎ ያህል ይበቃል፤ መጠኑም እንደ ቤቱ ልማድ ይለያያል። ከብርዙ ጥቂት ተቀንሶ ጌሾው በእርሱ ተቀቅሎ፥ ሲቀዘቅዝ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ትኩሱን መመለስ ግን እርሾውን መግደል ነው። ጌሾ ለፈረንጆች ቢራ ጌሾአቸው እንደሚሆነው ተክል ሁሉ መራራነትን ይሰጣል፤ መጠጡን የሚያበላሹትንም ተሕዋስያን በመጠኑ ይከላከላል።

ጌሾው ከገባ በኋላ ሦስት ቀን ያህል በቀን አንድ ጊዜ ማማሰል ይገባል። ከዚያ ወዲያ መክፈትና ማማሰል ይቁም።

ስለ ማቀዝቀዝ

መፍላት ራሱ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ የትልቁ ጋን ውስጥ ከትንሹ ይልቅ ይሞቃል፤ በቆላም በአንድ ትልቅ ጋን ፋንታ በሁለት እንስራ መጣል ይመረጣል። እንስራው ፀሐይ በማይነካው፥ ሣር በለበሰ ቤት ውስጥ፥ እስከ ወገቡ በመሬት ተቀብሮ ወይም በርጥብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ፥ ርጥብ ጨርቅ ይልበስ። ጨርቁ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይወጣልና በየጊዜው ማርጠብ ነው። ይህ ዘዴ በበጋው ደረቅ አየር እጅግ ይጠቅማል፤ በክረምት ግን አየሩ ራሱ ርጥብ ስለ ሆነ ብዙ አይረዳም።

ወራትም መምረጥ ይገባል። ለገናና ለጥምቀት የሚጣለው ጠጅ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በታኅሣሥና በጥር ስለ ሆነ ያምራል። ለፋሲካ የሚጣለው ግን በሙቀቱ ጫፍ ላይ ነውና፥ ከዐሥር ወይም ከዐሥራ ሁለት ቀን በፊት መጀመር የለበትም።

መድረሱን ስለ ማወቅ

በደጋ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የሚፈጀው ሥራ፥ በቆላ እንደ ሙቀቱ መጠን ጌሾው ከገባ ከአምስት እስከ ዐሥር ቀን ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ጧትና ማታ ጆሮን ወደ እንስራው አስጠግቶ ማድመጥ ነው። መጀመሪያ ዝናብ በሣር ላይ እንደሚዘንብ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ እያረፈ ጠብ ጠብ ይላል፤ በመጨረሻ ዝም ይላል። አረፋው ወርዶ፥ ጣፋጭነቱ ቀንሶ፥ ድምፁም ሲሳሳ ጠጁ ደርሷል።

በዚያኑ ቀን ጌሾው ይውጣ፤ ጠጁም በንጹሕ ሻሽ ተጠልሎ፥ አንገታቸው ጠባብ ወደ ሆኑ ትንንሽ ዕቃዎች እስከ አፋቸው ድረስ ይሞላ። ግማሽ ጐደሎ ዕቃ ግማሹ ነፋስ ነውና ለሆምጣጤ በር መክፈት ነው። ጥቂት ቢፈላ አየሩ የሚወጣበት እንዲያገኝ ክዳኑ አይጥበቅ፤ ገና የሚፈላ ጠጅ በብርጭቆ ጠርሙስ ታሽጎ ሲፈነዳ ሰው ያቈስላልና። በቆላ የደረሰ ጠጅ ለወራት የሚከማች ነገር አይደለም። ለግብዣው የሚበቃውን ያህል ብቻ መጣል ይገባል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ቢሖመጥጥ በቍጣ መድፋት አያስፈልግም። ለጥቂት ሳምንት በሻሽ ተሸፍኖ ቢተው ለሰላጣና ለአትክልት የሚሆን መልካም የማር ሆምጣጤ ይወጣዋል።

ስለማይጠጣው እንግዳና ስለ መጠን

በወሰን አገር ባለ ቤት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በእንግድነት ይመጣል። አልኮል ለማይነካ እንግዳ ያንኑ ዕለት የተበረዘ፥ ገና ያልፈላ ብርዝ በንጹሕ ብርሌ ማቅረብ ከጠጁ ያላነሰ ክብር ነው። ብርዙ በቆላ ሙቀት ካደረ መፍላት ስለሚጀምር፥ ለእንዲህ ያለው እንግዳ የትናንቱን ማቅረብ በደል መሆኑን እመቤቲቱ አትርሳ። ከወሰኑ ማዶ ሱዳኖች የሚወዱትን ከርከዴም ቀዝቅዞ ቢቀርብ እንግዳን ያስደስታል።

ስለ መጠኑም መናገር ግድ ነው። ጠጅ ጣፋጭ ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአልኮሉ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 7 እስከ 14 ስለሚደርስ፥ ከመቶ 5 ገደማ ካለው ቢራ ይበረታል። በሙቀት አገር ላቡ የፈሰሰ ሰው ጥሙን በጠጅ ልቍረጥ ቢል ፈጥኖ ይሰክራል፤ ሰውነቱም ከውኃ ይልቅ ይደርቃል። ስለዚህ ከጠጁ በፊት ውኃና ምግብ ይቅደም። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል እንዳይሸጥ መከልከሉም የታወቀ ነው። ይልቁንም በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ የቀን ሠራተኛ የወሩን ድካም በአንድ ሌሊት በመጠጥ ጨርሶ ባዶ እጁን ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ማየት የሚያሳዝን ነውና፥ አሠሪዎችና ሹሞች ምሳሌ ሆነው በመጠን መጠጣትን ሊያሳዩ ይገባቸዋል።

እነሆ፥ ከእናት የተማሩትን ሙያ ማክበር መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙያን ማክበር ማለት ምክንያቱን ዐውቆ ከአገሩ ጋር ማስማማት እንጂ የቀኑን ቍጥር ብቻ መያዝ አይደለም። ያቺ በምሳሌ ያነሣናት ወይዘሮም በሚቀጥለው ዓመት ማሩን በዐሥር ቀን ቀድማ በማታ ብትበርዝ፥ እንስራውን በርጥብ ጨርቅ ብታለብስ፥ ጆሮዋንም ብታስጠጋ፥ የፋሲካ እንግዶችዋ ብርሌአቸውን እስከ ታች አጠናቅቀው እንደሚመልሱላት የታመነ ነው።